ከልምምድ በኋላ ያለችው ሰዓት

ወጌሻ ደመላሽ ያላሸው የሹም ወገብ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም። ይህን የምለው ላደንቀው ብዬ አይደለም። የተቀጠረው የሯጮችን እግር ሊያሽ ነበር።

እኔ ዘሪቱ እባላለሁ፤ እሱ የተቀጠረበት የአትሌቲክስ ክለብ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ጫማው፣ ፎጣው፣ የማሻው ቅባት በኔ እጅ ነው የሚወጣው። የኔን መጋዘንና የሱን ክፍል የሚለያቸው አንድ ስስ የኮምፖልሳቶ ግድግዳ ነው፤ ስለዚህ ማን እንደገባ፣ ማን እንደተኛ፣ ማን ምን እንዳወራ ሳልፈልግም እሰማለሁ። እንዲያውም እፈልጋለሁ።

ደመላሽ የአማኑኤል ከተማ ልጅ ነው። አባቱ ስማቸው የተጠራ ወጌሻ ነበሩ፤ ከበቅሎ የወደቀ፣ በሬ የረገጠው፣ ሠርግ ላይ ሲጨፍር ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ሁሉ እሳቸው ደጅ ነበር የሚሰለፈው። ልጃቸውን ያስተማሩት በዶሮ እግር ነው። ሰብሮ ይጠግናል፤ ዶሮዋ ቆማ ከሄደች ተመረቀ ማለት ነው። እሱ ግን ያ አልበቃውም፤ አዲስ አበባ ሦስት ወር ተቀምጦ የስፖርት ማሳጅ ተማረና የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብቶ መጣ። ክለባችንም ቀጠረው። ይኸው አራት ዓመቱ። ሚስቱ ጥሩብርሃን በአራቱም ዓመት አንድ ቀን ትከሻዋን ነክቶላት እንደማያውቅ ነግራኛለች፤ ማታ ሲገባ እጁ ጉርሻ ማንሳት እንኳ ያቅተዋል አሉ።

እውነቱን ለመናገር እጅ አለው። ከልምምድ በኋላ ያለችው አንድ ሰዓት ናት ዋናዋ ይላል፤ ጡንቻው ሳይበርድ ካገኘው እንደ ሞቀ ሰም ይታዘዝለታል፤ ከበረደ በኋላ መታሸቱ ለወሬ ያህል ነው። ቅባቱን ጥቂት ያደርግና ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ፣ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ሦስቴ ይወጣል። ከዚያ በአውራ ጣቱ ይፈልጋል። ዓይኑን ይጨፍናል፤ አያወራም። ቋጠሮ ሲያገኝ እዚያው ይቆማል፤ ቋጠሮው እስኪለቅ እሱም አይለቅም።

መጀመሪያ ሯጮቹ ናቁት። አገራቸው ሳሉ ወጌሻ ማለት ሁለት ጎረምሳ እግርና እጅ ይዞለት የሚያስጮህ ሰው ነው፤ ይህ ደግሞ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው እጁን ያሳሳል። ጠበቅ አድርገህ እሽ እንጂ፣ ይህ ምን ማሸት ነው፣ ገንዘብ የሚከፈልህ ልትዳብሰን ነው ወይ ይሉት ነበር። እሱም የደከመ ጡንቻ ላይ ጉልበት ማሳየት ማቁሰል ነው ብሎ እምቢ አላቸው። በሁለት ወር ውስጥ እግራቸው ራሱ አስረዳቸው፤ ማክሰኞ በጥንካሬ የሠራው ልጅ ረቡዕ እንደ ሚዳቋ ሲነሣ ማን ይከራከራል? እንግዲህ ለሯጭ እምቢ ማለት ያውቅ ነበር። ምላሱ የሚታሰረው ለባለ ክራቫት ነው።

ነገሩ የጀመረው በሥራ አስኪያጃችን በአቶ ምስጋናው አንገት ነው። አቶ ምስጋናው ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ ተጎልቶ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ በመኪና ተጭኖ አንገቱ ቢደርቅ ምን ያስገርማል? አንድ ቀን ብቻ ብሎ ገባ። ሲወጣ እንደ አዲስ ተወልጄ ወጣሁ አለ። በሳምንቱ የቦርድ አባሉን አቶ ቢተውን ይዞ መጣ። አቶ ቢተው ለወዳጆቹ አወራ፤ ወዳጆቹም ወገብ ነበራቸው። ለአበል ካልሆነ በስተቀር ለምንም ሮጠው የማያውቁ ሰዎች ሁሉ የስፖርት ጉዳተኛ ሆነው ቁጭ አሉ። የሚመጡትም ልክ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ልጆቹ ከልምምድ የሚመለሱበት ሰዓት። ለምን ቢሉ ያን ጊዜ ለልጆቹ ተብሎ ክፍሉ ሞቆ፣ ውሃው ፈልቶ፣ ንጹሕ ፎጣ ተነጥፎ ይጠብቃል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ የኛዎቹ ደግሞ ሲሾም ያልታሸ የሚል ጨምረውበታል።

ልጆቹ ውጭ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። የደብረ ማርቆስ የጠዋት ነፋስ ላብን እንዴት እንደሚያደርቅ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ደመላሽ በየመሃሉ አንገቱን በበሩ ብቅ አድርጎ ፈገግ እያለ ትንሽ ነው፣ አሁን ነው ይላቸዋል። ያን ፈገግታውን ስጠላው!

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ገብቼ ተናገርኩት። አንተ የተቀጠርከው ለማን ነው፣ ለምን እምቢ አትላቸውም አልኩት።

«እትዬ ዘሪቱ፣ ትልቅ ሰው ተኝቶ እንዴት ተነሥ ይባላል?» አለኝ።

ትልቅ ሰው። አቶ ምስጋናው በዕድሜ ከሱ በሁለት ዓመት ያንሳል።

አሁን ወደ የኔአለም ልምጣ። የዲማ አካባቢ ልጅ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፤ አምስት ሺህ ሜትር ነው የምትሮጠው። ጨዋ ልጅ። ከትልቅ ሰው ጋር ስታወራ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች፤ ጫማ ልትቀይር እኔ ዘንድ ስትመጣ እንኳ አሮጌውን አጥባ ነው የምታመጣው። ለሩጫ ብላ ትምህርቷን አሥረኛ ክፍል ላይ ትታለች። ዘንድሮ ክለቡ አቅም የለኝም ብሎ ከክረምት በኋላ አምስት ሯጭ ብቻ ሊያስቀር ወሰነ፤ የሷ ስም ከሚሰናበቱት ውስጥ ነበር። የቀራት አንድ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ የአንድ ትልቅ ክለብ አሰልጣኞች እዚሁ በእኛው ሜዳ የእሑዱን ውድድር አይተው አንደኛና ሁለተኛ የወጡትን ሊወስዱ ነው። ሁለተኛ ከወጣች አለፈላት። ካልወጣች ሻንጣዋን ይዛ ወደ አባቷ ማሳ ናት። ይህን እኛ ሁላችን እናውቅ ነበር፤ አላወቅንም የሚል ካለ ይዋሻል።

ረቡዕ ዕለት ደመላሽ የግራ ባቷን ሲዳብስ ቆም አለ። በኮምፖልሳቶው ሰማሁት፦ ነገ ከከባዱ ልምምድ በኋላ በቀጥታ ወደኔ ነይ፣ እዚህ ውስጥ የሚጠጥር ነገር አለ፣ ነገ ትኩስ እያለ ካላወጣነው እሑድ ያስቸግርሻል አላት። እሺ አለች።

ሐሙስ ስድስት ጊዜ አንድ ሺህ ሜትር ሮጣ መጣች። አልጋው ላይ አቶ ምስጋናው ተኝቷል። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ባቷን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። ሃያ አምስት ደቂቃ። እሱ ሲወጣ ልትገባ ብድግ ስትል አቶ ቢተው ከመኪናው ወረደ። ልጅቱ ያው ያደገችበት ነው፤ ይቅደሙ አለችው። እሱም አንድ ጊዜ «ኧረ አንቺ ቅደሚ» አላት፤ ሁለተኛ እስክትለምነው ግን አልጠበቀም፤ ቃሉን ሳይጨርስ እግሩ ውስጥ ነበር። እዚያው ሌላ ሩብ ሰዓት ሄደ። ስለ መኪናው ጎማ ሲያወራ በግድግዳው በኩል እየሰማሁ ስረግመው ነበር።

ከአቶ ቢተው ቀጥሎ የገባሁት እኔ ነኝ።

ይህን ልደብቀው አስቤ ነበር፤ ግን ሌላውን ሁሉ አዋርጄ ራሴን ብተው ከነሱ በምን እሻላለሁ? የጫማ ካርቶን ሳነሣ ትከሻዬን ሳምንት ሙሉ ቆርጥሞኝ ነበር። ደመላሽ ብቻውን መስሎኝ ነበር እንዳልል፣ ልጅቱ በሩ ላይ ቆማለች። ሹራቧን ደርባለች፤ ላቧ ደርቆ ፊቷ ላይ ጨው ሠርቷል። ትከሻዬን መያዜን አየችና «እትዬ ዘሪቱ፣ እርስዎ ይቅደሙ፤ እኔ ልጅ ነኝ እደርሳለሁ» አለችኝ። ተባረኪ ብያት ገባሁ። ስንት ዓመት በሰው ላይ የማላግጥ ሴትዮ፣ በአንዲት ምርቃት የልጅቱን ተራ ወሰድኩ። ተኝቼም የደመላሽ እጅ ዝሎ ይሰማኛል፤ እኔ ግን እስቲ ትንሽ ጠበቅ አድርገው አልኩት።

ስወጣ አግዳሚው ባዶ ነው። ሯጮቹን ወደ ካምፕ የሚመልሰው ሚኒባስ ሄዷል። ደመላሽ በቅባት እጁ ወጣና መንገዱን አየ፤ ሰዓቱን አየ። ነገ አያታለሁ አለ። ነገው አርብ ነው፤ አርብ ደግሞ ተራው የአቶ ምስጋናው እናት ጉልበት ሆነ፤ ቤት ድረስ በባጃጅ አስወሰዱት። ቅዳሜ ሲደርስላት ባቷ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር። ለውድድር አንድ ቀን ሲቀር የደረቀ ባት በኃይል አይነካም፤ ይህን እሱ ያውቃል፤ ቀባ ቀባ አድርጎ ሰደዳት። አትሩጪ ሊላት አፉ ላይ ደርሶ ነበር፣ በኋላ ነገረኝ። ግን ያለዚያ ውድድር የት ትደርሳለች?

እሑድ ሮጠች። ሁለት ዙር እስኪቀር ሁለተኛ ነበረች፤ ሦስተኛዋ ሠላሳ ሜትር ያህል ርቃለች። አሰልጣኞቹ እንኳ ስሟን ሲጠይቁ አይቻለሁ። ከዚያ ማዞሪያው ላይ የሆነ ሰው ከኋላ የመታት ያህል ዞር አለች፤ ግራ እግሯን ሳብ አደረገች፤ በአንድ እግሯ ሦስት ጊዜ ዘለለችና ቆመች። አልጮኸችም። የሚመጡትን እንዳታሰናክል ከመሮጫው መም ወጥታ፣ እጇን ለይቅርታ አንሥታ፣ ሳሩ ላይ ተቀመጠች።

አቶ ምስጋናው ለእንግዶቹ በተዘረጋው ጥላ ሥር ነበር። ወደ አሰልጣኞቹ ዘንበል ብሎ እንዲህ አለ፦ «የኛ ልጆች ጥንካሬ ነው የሚጎድላቸው። ማሳጅ እንኳ በየቀኑ አመቻችተንላቸዋል።»

ደመላሽ አጠገቡ ቆሞ ሰማ። እኔም ፎጣ ታቅፌ ከኋላ ቆሜ ሰማሁ። የሰውየው አንገት ግን እንዴት ቀና ብሏል! ደህና ታሽቷል።

ሰኞ ጠዋት ስመጣ የደመላሽ በር ላይ አንድ ካርቶን ተለጥፏል፤ ከኔ መጋዘን የወሰደው። «ከልምምድ በኋላ አልጋው ለሯጭ ብቻ ነው» ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቢሆንም በሦስት ሰዓት ተኩል አቶ ምስጋናው አንገቱን እያሻሸ ሲመጣ ደመላሽ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ዛሬ አይሆንም ጌታዬ አለው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነበር። አቶ ምስጋናው ካርቶኑን አንብቦ ሳቀ፤ በስብሰባ እናየዋለን ብሎ ሄደ። እናየዋለን ማለቱ ምን ማለት እንደሆነ ለደመላሽ የሚያስረዳው አያስፈልገውም፤ ኮንትራቱ የሚያልቀው ሰኔ ላይ ነው። ጥቂት አከበርኩት፤ ከአራት ዓመት በኋላ ቢሆንም።

የኔአለም ክፍሉ ውስጥ ናት። የተቀደደ ባት አይታሽም፤ ለጊዜው በረዶ ብቻ ነው፤ እግሯን ከፍ አድርጋ ተኝታ እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞላታል። በረዶው ሟሟ ሲላት በግድግዳው ሰማሁና እኔም አንድ ነገር ላድርግ ብዬ ማዶ ካለው ግሮሰሪ በረዶ ለምኜ በፌስታል ይዤ መጣሁ። ይቅርታ ልላትም ቃል አዘጋጅቼ ነበር። በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ።

«ኖር» አለ ደመላሽ፤ እግሯን ለቆ ከወንበሩ ተነሣ።

«ኖር እትዬ» አለች የኔአለምም፤ ከአልጋው ወርዳ በዚያ እግሯ ቆመች።

የአልጋውን ጠርዝ ይዛለች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግን ራሷን ዝቅ አድርጋ ቆማለች፤ እናቷ እንዳስተማረቻት። ደመላሽ ወንበሩን በመዳፉ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ወደኔ ገፋልኝ። ተኚ ልጄ፣ በሞቴ ተኚ አልኳት። እርስዎ ይቀመጡ እንጂ አለች። እንዴት እንዳሳደጉን አውቃለሁ፤ እኔ ቆሜ እሷ አትተኛም፤ እኔ ብቀመጥ ደግሞ እሱ ተቀምጦ እግሯን የሚይዝበት ሌላ ወንበር የለም። እዚያ ቆሜ ይቅርታ ብል እሷ በዚያ እግሯ ቆማ ልትሰማኝ ነው። በረዶውን መሬት ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። እሷም የተኛችው በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።