የዚያ ሁዳዴ ሽታ

ባለፈው ቅዳሜ አዘዞ፣ የልጅ ልጄ የናሆም ግቢ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ወንበር ተደርጎልኝ ተቀምጬ ነበር። ልጁ ማኪናውን ሊያጥብ ተነሳ። ማጠቡስ ደግ፤ ውጭ ውጭውን አጥቦ ቢተወው ምን ነበረበት! ኮፈኑን ከፈተና ከሞተሩ ጎን የአይጥ ጎጆ መዞ አወጣ። ጭድ፣ የላስቲክ ቅዳጅ፣ የዶሮ አጥንት፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ራሷ ባለቤቲቱ፣ ደርቃ። ሞተሩ ገና አልበረደም ነበርና ሽታው ተነስቶ በቀጥታ አፍንጫዬ ላይ አረፈ።

«ኤጭ! አርቅልኝ ከዚህ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምነው እማማ? አይጥ እኮ ናት» አለኝ እየሳቀ።

አይጥ መሆኗን መች አጣሁት! ዳባት ተወልጄ ያደግሁ ሴት አይጥ አያስጮኸኝም። ያስጮኸኝ ከስድሳ ዓመት በፊት የከፈትኩት ሌላ ኮፈን ነው። የሞቀ ሞተር በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም አፍንጫዬን እይዛለሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከዳባት ለጎንደር ከተዳርኩ ገና አምስት ወሬ። ባለቤቴ ጌታሁን ጣሊያን ጥሏት የሄደች አንዲት አሮጌ የጭነት ማኪና ነበረችው። ከጎንደር እህል ጭኖ ሊማሊሞን ቁልቁል ይወርድና ዛሪማ ያራግፋል፤ ሲመለስ ቆዳ ይጭናል። ጥሬ ቆዳ! ጨው የተነሰነሰበት፣ ጠርዙ ላይ ሥጋ የቀረበት፣ ዝንብ አብሮት ከቆላ እስከ ደጋ የሚሳፈርበት። ለመድኩት ብል ውሸት ነው፤ አንድ ቀን አልለመድኩትም። እሱ ግን አፍንጫው ሞቶ ነበር። መንገድ ላይ ሲመሽበት ቆዳው ላይ ተጋድሞ ያድራል። ይህን አፍንጫ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከፒያሳ ዝቅ ብሎ የምንኖርበት ቤት የአማቴ ነበር። «እሜቴ» እላቸው ነበር። በሙት ላይ አልዋሽም፣ ሸጋ ሴት ነበሩ፤ እጃቸው የማይሰስት፣ ቤታቸው የሚጠገብበት። ኩራታቸው ግን አይጣል ነው። በሰርጌ ማግስት፣ በአገራችን ደንብ፣ አዲስ ስም አወጡልኝና «ማሬ» አሉኝ። እናቴ ያወጣችልኝ አስናቀች የሚለው ስም ዳባት ቀረ። ከልጃቸው ቀጥሎ እሜቴ የሚያስቡት ለዚያች ማኪና ነበር። አንድ ጊዜ ሊማሊሞን ከፊት ወንበር ተቀምጠው ወርደውታል፤ ወርደውታል እንኳ አይባልም፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ኪዳነ ምሕረትን ሲጣሩ ነው የደረሱት። ከዚያ ወዲህ ጌታሁን በወጣ ቁጥር እስኪመለስ እህል አይወርድላቸውም።

ሁዳዴ ሊገባ የቅበላው ዕለት፣ መቼም እንደምታውቁት፣ ቅቤ የነካው ዕቃ ሁሉ በአመድና በእንዶድ ተፈቅፍቆ ይቀመጣል። እኔ ጎንበስ ብዬ ስፈገፍግ እሜቴ መጥተው ትልቁን ድስት አነሱት። «ይሄን ለእኔ ተይው፤ አንቺ ሽሮሽን ተመልከቺ» አሉና ሥሩ የቀረውን ንጥር እንደያዙ ወጡ። ለነዳያን የሚሰጡት መሰለኝ። ድስቱ ታጥቦ ተመለሰ፣ እኔም ረሳሁት።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጉድ ፈላ። ግቢያችን ቅቤ ቅቤ ይል ጀመር። ያውም ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት ንጥር፣ አሁን ከእሳት እንደወጣ! የሁዳዴ ቅዳሴ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ውሃ የቀመሰ የለም። ሰዉ ከንፈሩ ደርቆ፣ ጉልበቱ ዝሎ በአጥራችን በኩል ሲያልፍ ያ ሽታ ይቀበለዋል። ሽታው ደግሞ ሁልጊዜ አይመጣም። የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ፣ ጌታሁን ከመንገድ በሚገባበት ቀን ነው።

ጎረቤት ምን ይበል? «ሙሽሪት ባሏ ሲመጣ ቅቤ ታቁላላለች» አለ። ጌታሁን ከሽሮና ከተልባ በቀር እንዳልበላ ሲናገር ደግሞ «እንግዲያ ለብቻዋ ነዋ የምትበላው» ተባለ። ደግ ደጎቹ «ልጅ ናት፣ አምሯት ይሆናል» አሉልኝ። ይሄ ይባስ አንገበገበኝ። ምንም አላማረኝም! በወጣትነቴ ከሱፍ ፍትፍት የምወደው ነገር አልነበረም፤ ዛሬም እንዲያው ነኝ።

እሜቴ ማድቤት እየገቡ የማሰሮ አፍ ይከፍቱ ጀመር።

«አስናቀች» አሉኝ አንድ ቀን። ማሬ መባሌ የቀረው ያን ዕለት ነው። «ከማድጋው ጀርባ የተሸጎጠው ምንድን ነው?»

«አልተሸጎጠም፣ እሜቴ። ሱፍ ነው።»

ጣታቸውን ነክረው አሸተቱት፤ ከዚያ ቀሚሳቸው ላይ ጠርገው ወጡ። የእኔን ሱፍ! በቁጣ ስወቅጠው የዋልኩትን!

ይህ ሁሉ ምንም አይደል። አንድ ማክሰኞ ጌታሁን ገባና «እጅሽን አምጪ» አለኝ። ሊስመኝ መስሎኝ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሁለቱንም ሰጠሁት። ወደ አፍንጫው አስጠጋቸው። መዳፌን አሸተተ፤ ገልብጦ ደግሞ ጀርባውን አሸተተ፤ ገበያ ላይ ቅቤ እንደሚገዛ ሰው በጣቶቼ መሃል ሳይቀር ገባ።

«ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።

«ምንም። እናቴ ሲሉ ሰምቼ... አየሁ እንጂ።»

ያ አፍንጫ! ጥሬ ቆዳ ላይ የሚያድር አፍንጫ እኔን ሊመረምር! እጄን መንጭቄ ወጣሁና ቆዳዬ እስኪላጥ ታጠብኩት። ምንም ያልነካሁትን እጅ ማጠቤ ራሱ ጥፋተኛ እንዳስመሰለኝ የገባኝ ኋላ ነው።

በዚያው ሳምንት እሜቴ ቁርጡን ነገሩኝ። «ለዓርብ አባን ጠርቻለሁ። ለነፍስ አባትሽ እውነቱን ትናገሪያለሽ። ጾም ገድፈሽ ከሆነ ግን ጌታሁን እሑድ ዳባት ያደርስሻል። የገደፈ ሰው ከእኔ ጋር ከአንድ ገበታ አይበላም።» ዳባት ማለት አባቴ ነው። አባቴ በጾም ቀን ውሻው አጥንት ሲግጥ እንኳ የሚቆጣ ሰው ነበር፤ ጾም ገድፋ ከባሏ ቤት የተመለሰች ልጁን ደጃፉን አያስረግጣትም። የት እንደምገባ አላውቅም ነበር። ጉድጓድ ቢሰጡኝ እገባ ነበር።

ዓርብ ደረሰ። ጌታሁን ቆዳውን አራግፎ ማኪናዋን ግቢ አቆመና ለቅዳሴው መጨረሻ ልድረስ ብሎ ሮጠ። እሜቴም እዚያው ናቸው። ብቻዬን ነበርኩ። ብዙም ሳይቆይ ያ ሽታ ተነሳ። ማድቤት እሳት አልነደደም፤ ድስት አልተጣደም፤ እኔም ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ። «ዛሬ ወይ አንተ ወይ እኔ!» አልኩት ሽታውን፣ እንደ ሰው። አፍንጫዬን ተከትዬ ስሄድ የጎረቤት ውሻ ማኪናዋ ሥር ተጋድሞ፣ ከላይ ጠብ ጠብ የሚለውን እየላሰ አገኘሁት። ዓይኑን ጨፍኗል፣ የተድላው ብዛት! በድንጋይ አባረርኩና ጌታሁን ሲያደርግ እንዳየሁት ኮፈኑን ከፈትኩ።

ምን ብዬ ልንገራችሁ! ሞተሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቅቤ ተቀብቷል። ቅቤው ከጥቁሩ የማኪና ቅባት ጋር ተዋህዶ፣ የሊማሊሞን አቧራ ጠጥቶ፣ የቆዳ ጠጉር በቅሎበት፣ እንደ አጥሚት እየተንተከተከ ይወርዳል። ጌታሁን ኮፈኑን ሲከፍት የማኪናዋ ቅባት መስሎት አልፎት ኖሯል፤ በዚያ አፍንጫው! ዝንብ ገብቶበት ቀርቷል፤ ገሚሱ ገና ክንፉን ያርገበግባል። አንድ ጥግ ላይ፣ ቅቤው ጠርቷት የመጣች አይጥ፣ ጅራቷ ብቻ ደህና ሆኖ ሌላዋ ተጠብሳለች። የኮረሪማው መዓዛ በዚያ ሁሉ መሃል ደህና አድርጎ ይሸታል። የሚያስጠላውም እሱ ነበር፤ ግማቱ ለብቻው ቢሆን እችለው ነበር። ሆዴ ባዶ ስለነበር የወጣኝ መራራ ውሃ ብቻ ነው።

ልጅነት ሞኝነት ነው። ዛሬ ቢሆን እንዳለ ትቼ፣ አጥር ላይ ወጥቼ አገር እጠራ ነበር። ያን ጊዜ ግን ያን ቆሻሻ ከዓይኔ ማጥፋት እንጂ ሌላ አልታየኝም። ፍል ውሃ፣ አመድ፣ እንዶድ አመጣሁ። በተሰበረ ማማሰያ እየፈቀፈቅሁ፣ በጭድ እየጠረግሁ፣ ጣቴን እየተቃጠልኩ፣ እየተሳደብኩ አጠብኩት። ላምባ ልጨምርበት ብዬ ደግሞ ጠርሙሱን አንስቼ ነበር! ትኩስ ሞተር ላይ! እግዜር ነው ያተረፈኝ፤ ጠርሙሱ ባዶ ነበር። አይጧን በሁለት እንጨት አንስቼ ከአጥር ወዲያ ወረወርኳት። መጨረሻ ላይ ከሞተሩ ጎን፣ ከጢስ ማውጫው አጠገብ የተወተፈ ጨርቅ መዘዝኩ። ቅቤ የጠጣ የመቀነት ቁራጭ ነው። አንደኛው ጫፉ ተለብልቦ ከስሏል። በሌላኛው ጫፍ አረንጓዴ ዳሩ ይታያል። ያን መቀነት በእነዚህ እጆቼ ስንት ጊዜ አጥቤዋለሁ። የእሜቴ ነው።

ያን ጊዜ ነው የሠራሁት የገባኝ። ሞተሩን አጥርቼዋለሁ፤ ምስክሬን ራሴ አጥቤ ደፍቼዋለሁ። የቀረው ቅቤ ያለው እጄ ላይ ነው፣ እስከ ክርኔ ድረስ። በሩ ተንኳኳና እሜቴና አባ ገቡ፤ ጌታሁን ከኋላቸው።

አባ መስቀላቸውን ሊያሳልሙኝ ቀረብ ብለው ቆም አሉ። «ልጄ፣ እጅሽ ቅቤ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ አባ፣ ቅቤ ነው። ከዚህ ያወጣሁት።»

«ከማኪና ሆድ?»

አጥሩ ላይ የጎረቤት ነጠላ ሲሰበሰብ ይታየኛል። ጌታሁን መሬት መሬቱን ያያል። እኔ ጨርቁን ዘረጋሁ፤ «የእሜቴ ነው» ማለት ግን አቃተኝ። የአምስት ወር ሙሽራ አማቷን በነፍስ አባት ፊት ብትከስ ማን ይሰማታል? «አባ፣ ይሄን ጨርቅ የሚያውቅ ይናገር» ብቻ አልኩ።

እሜቴ ዝም ማለት ይችሉ ነበር፤ «አላውቀውም» ቢሉ እሑድ ዳባት ነበርኩ። ጨርቁን ከእጄ ወሰዱት፣ አገላበጡት፣ የተለበለበውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«እኔ ነኝ አባ» አሉ፣ አጥሩ ላይ ያለው ሁሉ እንዲሰማ ድምጣቸውን ከፍ አድርገው። «የቀባኋት እኔ ነኝ። ልጄ በዚያ ጥቁር ነገር ሲቀባት አይቼ ነው። ለበቅሎው ኮርቻ፣ ለሞፈሩ ጠፍር ቅቤ እንቀባ የለ? ያን ገደል ስትወርድ እንድትለሰልስለት ብዬ፣ የቅበላውን ንጥር ሰጠኋት። ጨርቁን ቀስ እያለ እንዲያጠጣት ወተፍኩት። ለካስ እሳት ነው የወተፍኩበት! ሽታውም የእሷ መሆኑን መች ጠረጠርኩ! ልጄን በእጄ ላቃጥለው!»

አባ ወደ ሞተሩ ጎንበስ ብለው አሸተቱ፤ ጢማቸው ውስጥ ሳቅ ሲያፍኑ አየኋቸው። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞር አሉ። «በሉ ስሙ! የገደፈችው ማኪናዋ ናት። ይቺ ልጅ ንጹሕ ናት፤ ወሬውን ወደ መጣበት መልሱ» አሉ። ለእሜቴም፣ «የአንቺን ስግደት ኋላ እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ እሷን ይቅር በይኝ በያት» አሏቸው።

እሜቴ ይቅርታ አላሉም። የቀሚሳቸውን እጅጌ ሰበሰቡና፣ እኔ ያልደረስኩበት የሞተር ጥግ ውስጥ፣ ጠጉርና ዝንብ የተጋገረበት ውስጥ፣ ሁለቱንም እጃቸውን ከተቱ። «ማሬ፣ አመዱን አቀብይኝ» አሉ፤ ዕንባቸው እየወረደ። ማኪናዋን ጎን ለጎን ሆነን አጠብናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ በሆዴ ቂም አልያዝኩባቸውም።

ጌታሁን ግን «ሳሙና ላምጣልሽ?» ነበር ያለኝ። ስለ አፍንጫው ያን ዕለትም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ አምስት ልጅ ወልጄለታለሁ። ሊሞት ሲል፣ አልጋው ጎን ተቀምጬ ሳለሁ፣ እጄን ይዞ ወደ ፊቱ ወሰደው። እውነቱን ልናገር፤ ሊስመው ይሁን ሊያሸተው እስካይ ድረስ ትንፋሼን ያዝኩ። ሳመው። ከዚያ ሁሉ ቅቤና አይጥ ይልቅ ዛሬም የሚያንገሸግሸኝ ይሄ ነው፤ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ባሌን መጠርጠሬ።

ናሆም ጎጆውን ጥሎ፣ ሞተሩን አጥቦ ጨረሰ። ወደ ቤት ልግባ ብዬ ስንጠራራ ሊያነሳኝ መጣና እጁን መለስ አደረገ።

«ቆይ እማማ፣ ልታጠብ። እጄ ይሸታል።»

«አምጣ!» አልኩት። እንደነበረ ያዝኩትና ተነሳሁ።