የእናቴ ቤት ልስን

እናቴን ከገዛ ቤቷ ያስወጣት የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ዘመኑ ትርፍ ቤት የሚወረስበት ነበር፤ እሷ ግን ምን ትርፍ ነበራት? ሰውየው ጓሮ ያለችውን ኩሽና «ሁለተኛ ቤት ናት» አለና ኩሽናዋን ለእሷ ተወላት፣ ዋናው ቤት ራሱ ገባበት። እናቴም «ያ ረቢ! የሱን ሳቅ እየሰማሁ ወጥ አልሠራም» ብላ ሸቤ ከተማ እህቷ ዘንድ ሄደች። እኔ ያን ጊዜ አጋሮ ልስን ሥራ ላይ ነበርኩ።

ጅማ ስመለስ ማን ቢያስጠራኝ ጥሩ ነው? ራሱ! ከአውራጃ ለሚመጡ እንግዶች ግብዣ አስቦ ሳሎኑ እንዲለሰን ፈልጓል። የማን ልጅ እንደሆንኩ አያውቅም፣ አልጠየቀምም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

ክረምት ነበር። ከጊቤ የመጣው አሸዋ ሲጨብጡት ውሃ ያንጠባጥባል። እንዲህ ያለውን አሸዋ የምናደርቀው ውሃ ባልነካው ኖራ ነው። ኖራውን አድቅቀን እናቀላቅለዋለን፤ የአሸዋውን ውሃ ይጠጣል፣ ይግላል፣ ክምሩ እንደ ትኩስ ገንፎ ይተናል። ከዚያ በሸራ ሸፍኖ ቀናት መተው ነው። ኖራው ጠጥቶ ሳይጠግብ ግድግዳ ላይ ከወጣ፣ ያልበሰለችው ፍሬ ሁሉ እዚያው ውስጥ እርጥበት ትስባለች፣ ታብጣለች፣ አንድ ቀን ፈንድታ ልስኑን ትተፋዋለች።

ሊቀመንበሩ በማግስቱ መጥቶ ክምሩን በከዘራው ወጋ ወጋ አደረገው።

«ደርቋል እኮ! ምን ያስቀምጣችኋል?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ትንሽ ይረፍ፤ ኖራው ገና ነው» አልኩት።

«ይሄ አሻጥር ነው! ዛሬውኑ ትለስናለህ!» ብሎ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጮኸብኝ።

እሰይ! አንዴ ተናግሬአለሁ፣ ምስክርም አለኝ፤ ምላሴን ቢጎትቱት አልደግመውም። ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንም ይላሉ፤ ቂም ይዞ ልስን ግን እንዴት ያምራል! እናቴ ትተኛበት የነበረውን ጥግማ በተለይ አወፍሬ ለሰንኩት።

የግብዣው ቀን የቀበሌው ወጣቶች ለስላሳ እንድናመላልስ ታዘዝን። ሳጥን ተሸክሜ በሩ ላይ ቆምኩ። መጀመሪያ ግድግዳው ውስጥ አንዷ የኖራ ፍሬ ጧ አለች፤ ከዚያ ሌላዋ። የዋናው እንግዳ ወጥ ውስጥ የግድግዳ ፍርፋሪ ዱብ ሲል ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ዓይን ዓይኑን አየሁት። በሠራተኛው ሁሉ ፊት «ዛሬውኑ» ያለው ራሱ ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ብዙም ሳይቆይ ሰውየው ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። እናቴ የገዛ ቤቷን ከቀበሌ ተከራይታ ተመለሰች፤ ማን እንደለሰነው አልነገርኳትም። ኖራው ግን ሰው አይለይም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጧ ይላል። ምሳ ስንበላ ትሪው ላይ ሲረግፍ እናቴ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «ይሄን የለሰነ እጁ ይሰበር!» ትላለች።

«አሚን» እላለሁ፣ በዚያው እጄ ፍርፋሪውን ከትሪው ላይ እየጠረግኩ።