የላትቫላ ቤት ንጹሕ ደም

ኔስቶሪ ላትቫላ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ አራት ዓመት ላም ሲያዳቅል ኖረ። ኮርማ እየጎተተ አይዞርም፤ የኮርማውን ዘር በቀዝቃዛ ዕቃ መኪናው ላይ ጭኖ ከጋጣ ጋጣ ይሄዳል፣ እስከ ትከሻው የሚደርስ ጓንቱን ያጠልቃል፣ ሥራውን ይጨርሳል፣ እጁን ታጥቦ ቡናውን ይጠጣል። በእኛ በምዕራብ ፊንላንድ ሜዳ ከቄሱ ሌላ የሁሉንም ቤት ደጃፍ የሚረግጥ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ቄሱ ግን ስለ ዘር ብዙ አያወራም።

ኔስቶሪ ያወራል። የአንዱን ኮርማ እናት፣ የእናቱን አባት፣ የሴት አያቱን ወተት በሊትር ሳይቀር በቃሉ ይወጣዋል። ጡረታ ሲወጣ ከብቱ ቀረበትና ፊቱን ወደ ሰው አዞረ። አንድ ጥቅል የግድግዳ ወረቀት ገዝቶ ጀርባው ላይ የላትቫላን ቤት የትውልድ ሐረግ ጻፈ። አራት ሜትር ከምናምን ይሆናል። ሲዘረጋ አንዱን ጫፍ የሚይዝለት ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ በሰበካ አዳራሹ እሑድ እሑድ ቡና የማቀርብ ሴት ስለሆንኩ ብዙ ጊዜ የምይዘው እኔ ነኝ።

“አየሽ ሴልማ? ከላይ እስከ ታች አንድ እንከን የለበትም። ንጹሕ ደም!” ይለኛል።

“ክንዴ ዛለ፣ ኔስቶሪ።”

“ትንሽ ከፍ አድርጊው።”

በመንደራችን አልፎ አልፎ መገጣጠሚያው የደረቀ ሕፃን ይወለዳል። ክንዱ አይዘረጋም፣ ጉልበቱ አይታጠፍም፣ ሳንባው አየር አይበቃውም፤ ሳምንት ሳይሞላው ይሞታል። ሆንኮላ ከሚባለው ቤት ሦስት እንዲህ ያሉ ሕፃናት ስለተቀበሩ “የሆንኮላ በሽታ” የሚል ስም አወጣንለት። የኔስቶሪ ሚስት አውኔ የሆንኮላ ልጅ ናት። ከአርባ አንድ ዓመት በፊት የወለደችው የመጀመሪያ ልጃቸው በሽታው ነበረበት፤ ስድስት ቀን ኖረ።

ኔስቶሪ ልጁን ቀበረ፤ ከቀብር መልስ ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ ፍርዱን ሰጠ። “ከሆንኮላ የመጣ ነው። በላትቫላ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም።” በኋላ ሁለት ጤነኛ ሴት ልጆች ተወለዱ። ያን ጊዜ ደግሞ “የእኔ ደም አሸንፎ ነው” አለ። አውኔ ምንም አላለችም። በእኛ አገር ዝም ማለት እንደ ጨዋነት ስለሚቆጠር በጣም ጨዋ ሴት ናት ተባለላት።

እኛስ? እኛ አመንነው። ከብት የሚያውቅ ሰው ስለ ደም እንዴት ይሳሳታል? የገዛ ወንድሜ የአውኔን ታናሽ እህት ቀለበት ካሰረላት በኋላ ተዋት፤ እናቴ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ያኔ ግን አላፈርኩም፤ እንዲያውም ለወንድሜ ካልሲ ሠራሁለት።

ከዚያ ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ዶክተር ቱያ የምትባል ተመራማሪ ከሄልሲንኪ መጣች። የበሽታውን መንስኤ በዘረ መል ልትፈልግ ነው። የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ የእኛን ደምና የየቤታችንን የትውልድ ሐረግ። እሑድ ከጸሎት በኋላ በአዳራሹ ሰበሰበችን፤ የሱፍ ቆቧን ማውለቅ ረስታ ነበር።

ገና ጉሮሮዋን ሳትጠርግ ኔስቶሪ ብድግ አለ። “ልጄ፣ ብዙ አትድከሚ። ሥራውን ጨርሼልሻለሁ።” ስኒዎቹን አስነሥቶኝ ወረቀቱን በሦስት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። “ይኸው ንጹሑ ወገን። ከዚህ ጋር እያስተያየሽ የሆንኮላን ትመረምሪያለሽ።”

ዶክተሯ ጎንበስ ብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

“አቶ ላትቫላ፣ ይህ ዩሆ የሚሉት የት ነው የተወለዱት?”

“ቅድመ አያቴ? የት ይወለዳል፣ ላትቫላ ነዋ! ስሙን አታዪም?”

“አባታቸው ግን አልተጻፈም።”

“የቤቱ ልጅ ሚስቱ ነበረች። እሱ ገባ፣ ላትቫላ ሆነ፣ አለቀ!”

ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። በእኛ አገር ሰው ስሙን የሚያገኘው ከሚኖርበት ቤት ነው። ወንድ ልጅ ባለርስት አግብቶ ወደ ቤቷ ሲገባ የድሮ ስሙን ትቶ የቤቱን ስም ይይዛል፤ ከማግስቱ ጀምሮ ሌላ ስም እንደነበረው የሚያነሳ የለም። ደሙንም አብሮ የሚቀይር ይመስለናል መሰለኝ።

ዶክተሯ አልተከራከረችም። “እርስዎ የከብት ባለሙያ ነበሩ አሉ” አለችው። “ጥጃ እንዲህ ሆኖ ሲወለድ ምን ታደርጉ ነበር?”

የኔስቶሪ ደረት ተነፋ። “ወዲያው ኮርማውን ከማዳቀያ ዝርዝር ማስወጣት ነዋ! አላዋቂ ገበሬ ላሚቱን ያርዳል። ላሚቱ ብቻዋን አልወለደችው! ስንቱን ጋጣ ዞሬ አስተምሬያለሁ መሰለሽ፣ መጀመሪያ ኮርማውን ጠይቁ እያልኩ!”

አንድ ሰው ሳል አመለጠው። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው አውኔ ዳቦ ላይ ቅቤ ስትቀባ ቢላዋዋን አቆመች። ባሏን አየችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ መቀባቷን ቀጠለች። ኔስቶሪ ገና ስለ ኮርማ ያወራል።

ደም ለመስጠት የሚፈረም ቅጽ ነበረ። “ውጤቴን ማወቅ እፈልጋለሁ” የሚለው ላይ ኔስቶሪ ምልክቱን ሲያደርግ ወረቀቱ እስኪቀደድ ነው የተጫነው። “ሲመጣ እዚችው ቆሜ ለሁላችሁም አነበዋለሁ!” አለ። አውኔም ከኋላው ተሰልፋ እጅጌዋን ሰበሰበች።

“አንቺ ደግሞ ምን ያደርግልሻል? ያንቺማ የታወቀ ነው።”

“ዞር በል፣ ብርሃን ጋረድክብኝ” አለችው።

ውጤቱ የመጣው ብርዱ አልፎ የወንዙ በረዶ መሰነጣጠቅ ሲጀምር ነው። ዶክተሯ ራሷ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ነገረቻቸው። የዚያን ቀኑን አውኔ ናት ያወራችልኝ።

“ልጅ የእያንዳንዱን ዘረ መል አንድ ቅጂ ከአባቱ፣ አንድ ቅጂ ከእናቱ ይወስዳል” አለቻቸው ዶክተሯ። “አንዱ ብቻ ቢበላሽ ጤነኛው ይሸፍንለታል፤ ሰውየው ሳያውቀው ተሸክሞት ይኖራል። ልጁ የሚታመመው ከሁለቱም ወገን የተበላሸው ሲደርሰው ብቻ ነው። እናንተ ሁለታችሁም ተሸካሚዎች ናችሁ።”

“ብልቃጡ ተቀያይሮ ይሆናል” አለ ኔስቶሪ።

“ሁለት ጊዜ መርምረነዋል።”

“ታዲያ የእኔ ከየት መጣ? በላትቫላ ቤት…”

ዶክተሯ ከቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ የተገለበጠ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ዩሆ በጋብቻ ወደ ላትቫላ ከመግባቱ በፊት የተጻፈበት ገጽ ነው። የተወለደው ሆንኮላ ቤት ነበር።

ኔስቶሪ ወረቀቱን አየና ከመቀመጫው ዘለለ። “ይኸው! ከሆንኮላ ነው የመጣው አላልኩም? አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ስናገር!”

አውኔ እንደምትለው ሁለቱም ሴቶች እስኪገባው ጠበቁት። ጣቱ እንደተቀሰረ ቆየ፤ ከዚያ ጣቱም ወረደ፣ እሱም ተቀመጠ።

“ጥፋቱ የማንም አይደለም” አለች ዶክተሯ።

“እሱን ቀድመሽ መጥተሽ ብትነግሪን ጥሩ ነበር” አለቻት አውኔ።

እሑድ ጠዋት ኔስቶሪ ጉንፋን ያዘው። አውኔ ሙሉ ልብሱን አውጥታ አልጋው ላይ ዘረጋችለት።

“ቃል ገብተሃል፤ ተነሥ።”

“ሰው ይስቅብኛል፣ አውኔ።”

“ይሳቅብህ። እኔ ሲያዝኑልኝ አርባ አንድ ዓመት ችያለሁ።”

አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ነገር ሲሸተን እንዴት እንደምንጸልይ! ሄል የገባበት ዳቦ ገና ሳይቆረስ ኔስቶሪ ተነሣ። መነጽሩን አደረገ፣ ወረቀቱን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ለራሱ እንደሚያንሾካሹክ አነበበ።

“አልተሰማም” አለች አውኔ ከመስኮቱ በኩል።

እንደገና አነበበ። ኔስቶሪ ላትቫላ ተሸካሚ ነው፤ ልጃቸው የሞተው ከአባቱም ከእናቱም በወረሰው ነው፤ የላትቫላው ዩሆ የሆንኮላ ልጅ ነበር። በዚህኛው ጊዜ ሁሉም ሰማ። ዩሆ ስንት የልጅ ልጅ እንዳለው እያሰበ የግማሹ አዳራሽ ፊት ነጣ፤ የሆንኮላ ደም የሌለበት ሰው ቢፈለግም የሚገኝ አልመሰለኝም። ወንድሜ አፍንጫውን ተናፈጠ። አንድ ሽማግሌ “በረዶው ከድልድዩ አልፏል እንዴ?” ሲል ጠየቀ። ተገላገልን! ስለ በረዶ ያን ቀን የተወራውን ያህል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

ኔስቶሪ ሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ። ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ጠበቅሁ፤ መነጽሩን ነው የጠረገው። እኔም ማፍያውን ይዤ ወደ እነሱ ሄድኩ።

“አውኔ፣ ቡና ልጨምርልሽ?”

ስኒዋን በመዳፏ ከደነችው። “ስሙ ኦላቪ ነበር” አለች።

“የማን?” አልኳት። እውነቱን ልናገር፣ “የማን?” ነው ያልኳት።

“የልጄ። የማን ደም እንደገደለው በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ ያልተናገረ ሰው የለም። ስሙ ማን ነበር ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።”

ኔስቶሪ ስሙን ሲሰማ ደንግጦ ቀና አለ። ፊቱን አየሁት። እሱም ረስቶት ነበር።