አራተኛዋ ላም

የሰውየው ትክክለኛ ስም ከመዝገብ ላይ ካልሆነ በቀር የትም አይጠራም። አገር ምድሩ የሚያውቃቸው «ጋሽ ቀና በይ» እያለ ነው። ላም በረሃብ ደክማ ስትወድቅ የሚያነሷት እሳቸው ናቸው። ጆንያ ከሆዷ ሥር ያሳልፉና ሁለት ጎረቤት ግራና ቀኝ ያስይዛሉ፤ ራሳቸው ጭራዋን ከሥሩ ጨብጠው «ቀና በይ እናቴ! ቀና በይ!» ይላሉ። አርባ ዓመት ሙሉ የስንቱን ላም ከሞት አፍ መልሰዋል፤ ወገባቸው የጎበጠውም በዚሁ ነው። ዋጋ ጠይቀው አያውቁም። «ምርቃት ይበቃኛል» ሲሉ ሚስታቸው «ምርቃት ወገብ አያሽም» ይሏቸዋል።

ዘንድሮ ዝናቡ ከዳ። ከአሥራ ሁለቱ ከብቶቻቸው ሦስቱ ሞቱ፤ የቀሩትም አጥንታቸው ገጠጠ። የወረዳው ጽሕፈት ቤት በሩ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ የመኖ ድጎማ ማስታወቂያ ለጠፈ። ጋሽ ቀና በይ ተስፋ አድርገው ሄዱ፤ እግሩ በሽቦ በተጠገነ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ግማሽ ቀን ተጎለቱ። በመጨረሻ የእንስሳት ባለሙያው፣ ጫማው እበት ነክቶት የማያውቅ ጎልማሳ፣ ቅጹን አገላበጠ።

«ጋሼ፣ መመሪያው ከከብቱ ሲሶው ለሞተበት ሰው ነው የሚለው። እርስዎ አራት ያስፈልግዎታል።»

«አራተኛዋ ወድቃለች፤ ዳለቻዋ። ጠዋት ማታ እያነሳኋት ነው።»

«ትተነፍሳለች?»

«ትተነፍሳለች እንጂ!»

«እንግዲያው አልሞተችማ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። እና… ባያነሷትስ?»

ወይ ጉድ! ከብቱን ያዳነ ይቀጣል፣ ከብቱ ያለቀበት ይሸለማል ማለት ነው። ይህን መመሪያ ያወጣው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም የኖረ መሆን አለበት። ድርቆሹ መጋዘን ሙሉ ተከምሯል፤ የሚበላው ደግሞ በሕይወት ያለ ከብት ነው። እነሱ ግን በድን አምጡ ይላሉ። ግን ማን ይጠይቃቸዋል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ጋሽ ቀና በይ ቤታቸው ገብተው የተባሉትን ተናገሩ።

«ስምንቱስ?» አሉ ሚስታቸው። «ከሳምንት በላይ የሚቀምሱት የላቸውም። ለእሷ ብለህ ሁሉንም ልታጣ ነው?»

«እንዴት ብዬ ነው እያየኋት የምተዋት?»

«አትያት!» አሉና ፊታቸውን አዙረው አለቀሱ። ዳለቻን ከጥጃነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ነበሩ።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱ ጎረቤቶች ጆንያቸውን ይዘው ሲመጡ ጋሽ ቀና በይ «ዛሬ ይቅር» ብለው መለሷቸው። ዳለቻ ግን አልገባትም። የሰው ኮቴ ስትሰማ እንደ ልማዷ አንገቷን አቀናች፣ የፊት እግሮቿን ሰብስባ ጠበቀች። ሰውየው ጀርባቸውን ሰጥተዋት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በሕይወታቸው እንዲህ አፍረው አያውቁም። ዓርብ ረፋድ ላይ ሞተች።

ባለሙያው በሞተር ብስክሌት ደረሰ። ቁጥር የተሰካበትን ጆሮዋን ለማስረጃ ቆርጦ በፌስታል ከተተና ፈገግ አለ።

«እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ፣ መስፈርቱን አሟልተዋል!»

ደማቸው ፈላ። ቅጹ ላይ «የሞት ምክንያት» የሚል መስመር አለ። ባለሙያው ሊጽፍ ሲያጎነብስ እጁን አፈፍ አድርገው ያዙት።

«ምን ልትል ነው?»

«ድርቅ ነዋ።»

«ድርቁንማ ስድስት ወር ችላዋለች። እኔና አንተ ገደልናት ብለህ ጻፍ!»

«እንደዚያ ከተጻፈ መኖው አይወጣም፣ ጋሼ።»

ስምንቱ ከብቶች አጥሩ ሥር ቆመው ባዶውን ግርግም ይልሳሉ። ጋሽ ቀና በይ አዩዋቸው፤ የባለሙያውንም እጅ ለቀቁት። እሱ «ድርቅ» ብሎ ጻፈ፤ እሳቸውም ፈረሙ።