ከአቶ መሸሻ ደጅ የተዘፈነው

ዘንድሮ ጉልበቴ አልታዘዝ ስላለኝ ታቦቱን የሸኘሁት ደጄ ላይ ወንበር አስወጥቼ ነው። የመካነ ሰላም ዋና መንገድ ዛሬ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ድሮ በጥር ያ ሁሉ ሕዝብ ሲረግጠው ይነሳ የነበረው አቧራ ቀርቷል። ልጃገረዶቹ አንድ ዓይነት ጥለት ያለው ቀሚስ ለብሰው፣ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ከፊት አስቀድመው እየጨፈሩ መጡ። የጎረቤቴ ልጅ ከመካከላቸው ወጥታ ጉልበቴን ስትስመኝ፣ «ግጥሙን ማን አወጣላችሁ?» አልኳት።

«ተሰጥቶን ነው፣ እማማ። ስናጠናው ነው የከረምን» አለችና ሮጣ ተመለሰች።

ቅር አላለኝም፤ ዘፈናቸው ያምር ነበር። በእኛ ጊዜ ግን ግጥም የሚወጣው እየተሄደ ነው። አውራጇ ከፊት ሆና ያየችውን ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። የተቀበሉት ግጥም ከመንደር መንደር ሲዞር ይከርማል፤ ያልተቀበሉት እዚያው መንገድ ላይ ይቀራል። እኔም በአሥራ ስምንት ዓመቴ የታችኛው ሰፈር አውራጅ ነበርኩ። ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው የመጨረሻ ጥምቀት ያወረድኩት አንድ ግጥም ደግሞ የእኔንም የቤተሰቤንም ኑሮ ወደ ሌላ አዞረው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውለው ከአቶ መሸሻ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። አቶ መሸሻ የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ መጋዘናቸው ከሱቁ ጋር ተያይዞ፣ ትልቅ የቆርቆሮ በሩ ወደ ዋናው መንገድ ይከፈታል። ልጃቸው ደምሴ ደሴ ይማር ነበር። እኔ ለእሱ ታጭቼ፣ ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ እንዲሆን ቀን ተቆርጧል። ደምሴን ሁለት ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ረጋ ያለ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ልጅ ነው። አልጠላሁትም። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ሠርጉን በጉጉት ነበር የምጠብቀው።

ያን ዓመት ክረምቱ ቆላውን ከዳው። ደጋው ላይ ገብሱ ቀጭንም ቢሆን ደርሷል፤ በአባይ ቆላ ግን ማሽላው እንደቆመ ደርቆ፣ ሰዉ ከኅዳር ጀምሮ ዳገቱን እየወጣ ከተማችን ገባ። ሽማግሌው፣ ባልና ሚስቱ፣ ልጅ ያዘለችው። የጥር ውርጭ ለለመደውም አይመችም፤ እነሱ ያንኑ የቆላ ስስ ልብሳቸውን ለብሰው በየበረንዳው ሥር ያድሩ ነበር። ረኀብ የሚለውን ቃል በአደባባይ የሚናገር አልነበረም። ሹሞቹ «ችግረኞች» ይሏቸዋል። የከተማው ሰው ደግሞ «እንግዶች» ይላቸው ነበር።

ከበሮ የምትመታልኝ ዘይነብ ነበረች፣ የሼህ ኑሩ ልጅ። አባቷ መስጊዱ አጠገብ ቁርአን ያስቀራሉ። ይህን ለሌላ አገር ሰው ስነግረው ይገርመዋል፤ ለእኛ ግን ጥምቀት ሲሆን ዘይነብ ከበሮ ታነሳለች፣ መውሊድ ሲሆን እኔ ከእናቷ ጋር ሽንኩርት ስከትፍ እውላለሁ፤ ሌላ ነገር የለውም። ሼህ ኑሩም ታቦቱ በደጃቸው ሲያልፍ ደረሳዎቻቸውን፣ የቁርአን ተማሪዎቹን፣ ውኃ አስይዘው ያቆሙና የደከመውን ሁሉ ያጠጡ ነበር።

የከተራ ዕለት ጠዋት ዘይነብን ልጠራ ስሄድ ግቢያቸው በሰው ተሞልቶ አገኘሁት። ሼህ ኑሩ ደረሳዎቹን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስበው ሌላውን ለእንግዶቹ ለቀዋል። ዘይነብ የባቄላ ንፍሮ ታድላለች፤ እኔም ነጠላዬን አደግድጌ ማገዝ ጀመርኩ። ብርቄ የምትባል ሴት ሁለት ልጆቿን ጉያዋ አስገብታ ግድግዳ ተደግፋለች። ብትበልጠኝ በጥቂት ዓመት ነው።

«እዚህ ዘመድ አለሽ እንዴ?» አልኳት፣ የምለው ባጣ።

«የለኝም» አለች። «እህላችንን ተከትለን ነው የመጣን።»

አልገባኝም። ንፍሮውን ለልጆቿ እያካፈለች ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ባለፈው ዓመት የነጋዴ ሰዎች ወርደው ማሽላውንም ጤፉንም ከአውድማ ላይ ገዙት። ግብር መክፈያ ደርሶ ስለነበረ ያልሸጠ የለም። እህሉ በአጋሰስ ተጭኖ ወደ ላይ ወጣ፤ ዘንድሮ ዝናቡ ሲቀር ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነገር በቤት አልተገኘም።

«አጋሰሶቹ የሄዱበትን መንገድ እናውቀዋለን» አለች። «ሄደን ሄደን ከአንድ ትልቅ የቆርቆሮ በር ደረስን። ዘበኛው አባረረን እንጂ።»

በከተማችን እንዲያ ያለ በር አንድ ብቻ ነበር። ዘይነብ ቀና ብላ አየችኝ።

በማግስቱ እናቴ ፀጉሬን እየነካካች፣ «ዛሬ አማትሽ ደጅ ስትደርሺ አደራ አሳምሪው» አለችኝ። እኔም ለዚያ የሚሆን ውዳሴ አዘጋጅቼ ነበር፦

«የአቶ መሸሻ ደጅ ዋርካ የበቀለበት፣
የደከመው ሁሉ መጥቶ የሚያርፍበት።»

እናቴ ሰምታው እልል አለች። ገብስና ባቄላ ተደባልቆ ከተጋገረው ድፎ ቆርሳ አጎረሰችኝና ሸኘችኝ።

ታቦቱ ከወንዙ ዳር ተነስቶ ዳገቱን ሲወጣ ፀሐይ በርትታ ነበር። ካህናቱ ከፊት፣ ጎበዛዝቱ ዱላቸውን ሽቅብ እየወዘወዙ በሆታ፣ ከኋላ ፈረሰኞች። ከወግዲ በኩል የሚመጡት ፈረሰኞች ሌላ ጊዜ መንገዱን ይሞሉት ነበር፤ ያን ቀን ግን ፈረሶቹ ጥቂት ነበሩ፣ የመጡትም የጎን አጥንታቸው ይታያል። የእኛ ጭፈራ ከታቦቱ ራቅ ብሎ ይከተላል። በየታወቀ ሰው ደጅ እየቆምን እናወድሳለን፣ ባለቤቱም ዳቦና ጠላ ያወጣልናል። ሼህ ኑሩ ደጅ ውኃ ጠጣን። «አላህ ድምፃችሁን አይንሳችሁ» አሉን ሽማግሌው፤ ሄድን።

ዋናው መንገድ ስንገባ የሆነው እንዲህ ነው። ከደሴ የመጡ ሹማምንት በዓሉን ሊያዩ ነው ተብሎ መንገዱ እንዲጸዳ ታዝዟል። የአቶ መሸሻ ዘበኛም ከበረንዳው ሥር የነበሩትን ቆለኞች በዱላ ጫፍ እየጎሸመ ወደ ኋላ ጓሮ ይነዳቸዋል። አልመታቸውም፤ ከብት እንደሚነዳ ነበር የሚነዳቸው። አቶ መሸሻ ካባቸውን ደርበው ከደረጃው ላይ ቆመዋል። ባለቤታቸው ዳቦ የሞላ ሞሰብ ይዘዋል። ደምሴ ከጎናቸው ነው። አባቴም እዚያው፣ ነጭ ለብሶ፣ ከመኪናው አጠገብ።

ዘይነብ ከበሮውን አሞቀችው። ልጆቹ አጨበጨቡ። ዋርካዬን ላወርድ አፌን ከፈትኩ፤ «የደከመው ሁሉ» የሚለው ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ከበሮው ሁለቴ ዞሮ ጠበቀኝ። ከዚያ የወጣው ሌላ ነው፦

«እንግዳ ማሳደር ያውቁበታል ጌታው፤
አይጥ ከጎተራ፣ ሰው ከደጅ ነው ቦታው።»

ከበሮው ቆመ። ጭብጨባውም ቆመ። የሚቀበለኝ ጠፋ። ከኋላዬ ያሉት ልጆች አባቶቻቸው ከአቶ መሸሻ እህል የሚገዙ፣ ቤት የሚከራዩ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም ነበር። እናቴ ከሕዝቡ መሃል እጇን አፏ ላይ ስትጭን አየኋት።

ከዚያ ዘይነብ ከበሮውን አንድ ጊዜ አጮኸችና በዚያ በሻካራ ድምፅዋ፣ «አይጥ ከጎተራ…» ብላ ተቀበለችኝ። አንዲት ልጅ ተከተለች፤ ከዚያ ሌላዋ። ወዲያው ጎበዛዝቱ ሆታቸውን ትተው ያንኑ ያዙ፤ መንገዱ ሙሉ ጮኸ። አቶ መሸሻ መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ውዳሴ መስሏቸው ሳይሆን ሰው እያያቸው ስለሆነ ነው። ቀጥሎ ዞረው ገቡ። ባለቤታቸው ሞሰቡን እንደያዙ ተከተሏቸው። ደምሴ ብቻውን ቀረ፣ መሬት መሬት እያየ።

ዘፈኑ ይህን አደረገ፤ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ዋጋው ነው። በማግስቱ ሽማግሌዎች መጥተው፣ «ልጁ ትምህርቱን ሊገፋበት ስላሰበ ነገሩ ይቅር» አሉን። በሳምንቱ አባቴ በረንዳውን እንዲለቅ ተነገረው። ፖሊስ ጣቢያም ጠርተው፣ «ይህን ማን አስተማራት?» ብለው ጠየቁት።

«ግጥም ተመክሮ አይወጣም፣ ጌታዬ» አላቸው አባቴ። «ያየችውን ነው ያለችው።»

ቤት ሲገባ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ። የስፌት መኪናውን ጎማ ሲያጸዳ ቆየና፣ «እኔ በየቀኑ እዚያ ተቀምጬ አይ ነበር» አለኝ። እናቴ ግን ለተመረጠው የሠርግ ቀሚስ ስታለቅስ ከረመች። ሼህ ኑሩ በሦስተኛው ቀን መጥተው፣ «የእኔም ደጅ በረንዳ አለው፣ መኪናዎን ያምጡት» አሉት። አባቴ እስኪያረጅ ድረስ እዚያው ሰፋ፤ ቁርአን ሲቀራ እየሰማ፣ የካህን ቀሚስም የሼህ ጀለቢያም እየሰፋ።

ደምሴ ወደ ደሴ ከመመለሱ በፊት ምንጭ ዳር አገኘኝ።

«ውሸት ብትዘፍኚ ኖሮ ይቅርታ ጠይቂ እልሽ ነበር» አለኝ።

«ውሸት ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

«አባቴ ነው» አለ። እንስራዬን አሸከመኝና ሄደ። በኋላ ጎጃም አስተማሪ ሆኖ እዚያው አገባ።

ግጥሙ መጋዘኑን አላስከፈተም። የብርቄ ትንሹ ልጅ ጥር ሳያልቅ ሼህ ኑሩ ግቢ ውስጥ ሞተ። እሷ ትልቁን ይዛ የበልግ ዝናብ ሲጥል ወደ ቆላ ወረደች፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

በተከታዩ ዓመት ንጉሡ ወረዱ፤ ዘማቾች መጡ። ቆይቶም የአቶ መሸሻ መጋዘን ተወረሰ፣ እሳቸውም ታሰሩ። አንድ ቀን ገበያው ሜዳ ላይ ስብሰባ ተጠርቶ እሳቸውን መድረኩ አጠገብ በባዶ እግራቸው አቆሟቸው። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወጣት ስሜን ጠርቶ፣ «እህት፣ ያንን ግጥም አውርጂው፤ ሕዝቡ ይስማው» አለኝ። ዘይነብም ከበሮ ይዛ እንድትመጣ ተነግሯት ከጎኔ ነበረች።

አቶ መሸሻን አየኋቸው። ካባቸው የለም። አንገታቸው ቀጥኗል።

«ያ ግጥም ጎተራ ላለው ሰው ነው» አልኩት። «እኚህ ሰውዬ አሁን ጎተራ የላቸውም።»

«ፈራሽ?»

«ያኔ ያልፈራሁ አሁን ምን ያስፈራኛል?»

ዘይነብ ከበሮውን መሬት ላይ አስቀምጣ ተቀመጠችበት። «ወላሂ ዛሬ እጄ አይሠራም» አለች። ሕዝቡ ሳቀ፤ ወጣቱም ነገሩን ወደ መፈክር አዞረው። እኛን «ንቃት ይጎድላቸዋል» ብለው ለትምህርት ሲያመላልሱን ከረሙ፤ ከዚያ የባሰ አልደረሰብንም።

አቶ መሸሻ ተፈትተው ከዓመታት በኋላ፣ አባቴ ሲሞት ለቅሶ መጡ። በከዘራ ነበር የሚሄዱት። ከሰው ጋር ጥቂት ተቀምጠው ሊነሱ ሲሉ ጠሩኝ።

«የሺ።»

«አቤት፣ ጋሼ።»

«ያ ግጥምሽ ቤት ይመታ ነበር» አሉኝ። «የእኔንም መታ።» ትከሻዬን ይዘው ተነሱ፤ እስከ አጥሩ በር ሸኘኋቸው።

አሁን ዘይነብም እሳቸውም የሉም። ልጆቼ ይህን ታሪክ ሲያወሩ እኔን ጀግና ያደርጉኛል፤ እኔም አላርማቸውም። በልቤ የማስበው ግን ሌላ ነው። ሠርጉ ከጥምቀት በፊት ሆኖ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ቀን ከደረጃው ላይ ሞሰብ ይዤ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ከታች ሌላ ልጅ ታወርድብኝ ነበር። ያኔ ሞሰቡን አስቀምጬ ያን የቆርቆሮ በር እከፍተው ነበር ወይስ ባሌን ተከትዬ እገባ ነበር? ስንት ዓመት ሙሉ ራሴን ጠይቄዋለሁ። እከፍተው ነበር ብዬ መማል አልችልም።