አጎቴ ያዋሃዱት ቀይ ወይን

አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ዕድሜያቸውን የፈጁት በሩቅ ቆላ አገር በአንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ነው። ጡረታ ወጥተው ሰቆጣ ሲገቡ፣ ራሳቸው ያዋሃዱትን አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን በጋቢ ጠቅልለው መጡ። ከሁለት ዓይነት ወይን ነው ይሉኝ ነበር፤ አንዱ ምላስ የሚይዝ ኮምጣጣ፣ ሌላው ለስላሳ።

“ለየብቻ አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ያንቀላፋል። በርሜል ውስጥ አብረው ሲከርሙ ግን ይለማመዳሉ።”

ጦርነቱ ደርሶ ከተማውን ስንለቅ፣ የጓዳውን ወለል ቆፍረው ጠርሙሱን አጋድመው ቀበሩት። ስንመለስ በሩ ተገንጥሎ ቤቱ ባዶውን ነበር። ጠርሙሱ ብቻ ካስቀመጡት ቦታ ተገኘ። አልከፈቱትም። “ገና ነው” አሉ።

ከዚያ አንድ ክፉ ጉንፋን ጣላቸው። ሲድኑ ሽታ የሚባል ነገር ጠፋባቸው፤ በርበሬ ሲቆላ እንኳ አይሰማቸውም። እኛ ቀላል ነገር መሰለን። እሳቸው ግን በአፍንጫቸው የኖሩ ሰው ናቸውና ጨዋታቸው ሁሉ ጠፋ።

ክረምቱ እንደወጣ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት አስጠሩኝ። ጠርሙሱ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል።

“ክፈቺው።”

“ጋሼ፣ እርስዎ ሳይሸትዎት?”

“አንቺ ትነግሪኛለሽ።”

ቡሹ በቀስታ ወጣ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አነሳሁት።

“ዳር ዳሩ ምን ይመስላል?”

“ጡብ።”

“አርጅቷል። ልጅ ሳለ ሐምራዊ ነበር። አሁን አሽትቺ።”

ዓይኔን ጨፈንኩ። “ዘቢብ” አልኩ። “ደግሞ… ዝናብ የነካው አፈር። የኮርቻ ቆዳ። የቤተ ክርስቲያን አሮጌ በር።”

“በርሜሉ ነው!” አሉና እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከዚያ ማውራት ጀመሩ። የንጋት ጉም የወይን ሐረጎቹ መሃል ሲጎተት፣ ለቃሚዎቹ ሴቶች ሲያንጎራጉሩ፣ ጣቶቻቸው ጥቁር እስኪሆኑ ሲለቅሙ። አይቼው የማላውቀው አገር ጓሯችን ውስጥ ተዘረጋ። ማዶ ያለው ተራራ እንኳ የሚንሳፈፍ መሰለኝ። ምን ያህል እንደተቀመጥን አላውቅም።

በመጨረሻ ቀመሱት። አፋቸው ውስጥ ይዘው ቆዩ፤ ዋጡ።

“ኮምጣጣው ተገርቷል” አሉ። “ምላሴ አልካደኝም።”

ማሽተታቸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ገበያ ስንወጣ ግን ክንዴን ይዘው “እዚህ ጋ ምን አለ?” ይሉኛል። ቅቤ፣ እርጥብ ኮባ፣ የበግ ሱፍ እላለሁ። “ቅቤው የሰነበተ ነው ወይስ ትኩስ?” ብለው ያፋጥጡኛል፤ እኔም ተመልሼ አሸታለሁ።