መርዶውን ያረዳት ካሜራ

እናቴን የሚያውቋት ሰዎች «ፋንቱ ሲበዛ ቁጡ ነበረች» ይላሉ። ውሸት ነው። እናቴ ቁጡ የሆነችው በ፲፱፻፵፭ ዓ.ም. የካቲት ውስጥ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነው። እኔ ልጇ ጽጌ የሦስት ወር ሕፃን ታቅፌ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ማን እንዳስቆጣት እኔ ልንገራችሁ።

መንደራችን ከወገዳ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ከጥንት ጀምሮ የወታደር አገር ነው፤ ወንዱ ገብሱን ያርሳል፣ ነጋሪት ሲጎሰም ሞፈሩን ጥሎ ይሄዳል። አባቴም ማይጨው ሄዶ ቀረ። የሱን መርዶ ያረዷት እንደ ወጉ ነው። ጎህ ሲቀድ ዘመድ በሯ ላይ ተሰበሰበ፣ የንስሐ አባቷ ገብተው ስሙን ጠርተው ነገሯት፣ ፀጉሯን ተላጭታ ከአገሩ ጋር አልቅሳ ሸኘችው። ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ኖረች፤ ጥጥ እየፈተለች እየሸጠች ወንድሜንና እኔን አሳደገች።

ወንድሜ ደምሌ ክብር ዘበኛ ገባና ኮሪያ ዘመተ። በሰኔ ከዚያ የተመለሰ አንድ ቁስለኛ ወገዳ ገበያ ላይ ጭቃ ሹማችንን አቶ ጣሰውን አገኛቸውና «ደምሌ ሞቷል» አላቸው። አቶ ጣሰው ለንስሐ አባታችን ለአባ ገብረ ኢየሱስ ነገሩ፣ አባ ለሽማግሌዎቹ ነገሩ። ከዚያማ አገር ሰማው፤ ከእናቴና ከእኔ በስተቀር።

«ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፤ የእስቴ ዘመዶቿ ሳይመጡ እንዴት እናርዳት?» አሉ። ወንዙ ጎደለ። «አዝመራው ይሰብሰብ» አሉ። ተሰበሰበ። «ጽጌ አራስ ናት፣ ትደነግጣለች» አሉ። በእኔ ሰበብ! ጥር ላይ ደግሞ አቶ ጣሰው ልጃቸውን ዳሩ፤ የጭቃ ሹም ሠርግ በለቅሶ ይበላሻል እንዴ? እናቴ እዚያ ሠርግ ላይ እልል አለች፣ እስክስታ መታች፣ «የደምሌዬንም እንዲህ ያሳየኝ» አለች። አገሩ በሙሉ ዓይን ዓይኗን እያየ «አሜን» አለ። ያንን አሜን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

በየካቲት ከአዲስ አበባ የፊልም ሰዎች ዕቃቸውን በበቅሎ ጭነው መጡ። ከአገራችን ለዘመቱት ወታደሮች መታሰቢያ ፊልም እንሠራለን፣ የሞቱትን ልጆች እናቶች አምጡልን አሉ። አቶ ጣሰው ስማቸው አዲስ አበባ እንዲነሣ ነው መሰለኝ፣ እናቴንም አስጠሯት። ለእሷ «የዘማች እናቶችን ሊያከብሩ መጥተዋል» አሏት፤ ለፊልሙ ሰዎች መርዶ እንዳልሰማች አልነገሯቸውም። ኋላ ሲጠየቁ «አፍሬ ነው» አሉ። እፍረታቸውን ይብሉት!

እናቴ ሹሩባ ተሠርታ፣ ቅቤ ተቀብታ፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ራሷ ፈትላ ያሠራችውን ጋቢ አጣጥፋ ይዛለች፤ በእነሱ እጅ ለደምሌ ልትልክለት። የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ በርጩማ ሰጥተው አስቀመጧት። ካሜራው እንደ ወፍጮ ማጉረምረም ሲጀምር እናቴ ሳቀች።

ካፖርት የለበሰው አለቃቸው ግራ ገባው።

«እናቴ፣ ጥቁር አልለበሱም እንዴ?»

«ምነው ልጄ፣ ጥቁር ለምን ብዬ?»

«የሟቹ የደምሌ እናት አይደሉም?»

እናቴ ዞራ አባ ገብረ ኢየሱስን አየቻቸው፤ አባ መሬት መሬቱን አዩ። አቶ ጣሰውን አየቻቸው፤ እሳቸው ጋቢያቸውን ማስተካከል ያዙ። ያን ጊዜ ገባት። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ።

«መቼ?» አለች።

«በሰኔ» አሉ አባ፣ ድምፃቸው እምብዛም ሳይሰማ።

«በሰኔ! ልጄ ሞቶ እኔ ሠርግ ላይ ስጨፍር ዝም ብላችሁ አያችሁኝ? አባ፣ እርስዎም እኮ አሜን ብለዋል!»

ካሜራው አልቆመም። ካፖርት የለበሰው ሰውዬ «አታቋርጥ፣ አታቋርጥ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በማግስቱ አገሩ ሊያለቅስ ደጃችን መጣ። እናቴ የአጥሩን በር ዘጋችባቸው። «ሰኔ ላይ ያላለቀሳችሁልኝን ዛሬ አታለቅሱልኝም» አለች። የባሏን ሞት ከአገር ጋር ያለቀሰች ሴት የልጇን ሞት ከእኔ ጋር ብቻዋን አለቀሰች። አገሩ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ዋለ። ከዚያ ወዲህ በማንም ሠርግ አልተገኘችም፤ ቁጡ ያሏትም ለዚህ ነው።

በዓመቱ ፊልሙ ደብረ ታቦር ይታያል ተብሎ ተጠራን። አቶ ጣሰውም አባም ሽማግሌዎቹም መጥተው ከፊት ተቀመጡ። እናቴን አትሂጂ ብላት እምቢ አለች። የተወጠረው አንሶላ ላይ ወታደር ተሰለፈ፣ ማርሽ ተመታ፣ ከዚያ እናቴ ብቅ አለች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯ በቅቤ ወዝቶ፣ ጋቢው ጭኗ ላይ ተቀምጦ ትስቃለች። ሕዝቡ አጨበጨበ።

እናቴ ጥቁሯን እንደለበሰች ብድግ አለች። ወደ አቶ ጣሰውና ወደ አባ ዞረች፤ አንሶላው ላይ የምትስቀውን ሴት በጣቷ እያሳየች ጮኸች።

«ንገሯት እንጂ! ቁጭ ብላችሁ ምን ታያላችሁ? ንገሯት!»